ሰማይ አጥር አለውን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተሰማ ንግግር)



 በእንዲህ ያለ ቀን የሚመረጠው ርእስ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ጥቅም ወይም የወጣቶች ግዴታ ነው። እኛ ግን ለጊዜው እንግዳ የሚመስል ርእስ መርጠናል። ይኸውም በአሜሪካ አገር በሁለት ታላላቅ የመዝናኛ ፓርኮች ላይ ስለ ተዘጋው ሰማይና ፓርኮቹ እርስ በርሳቸው ስለሚያደርጉት ፉክክር ነው። «ይህ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠን። ነገሩ የጨዋታ ቢመስልም በውስጡ ያለው ጥያቄ የፍርድ ጥያቄ ነው። የሁሉ የሆነውን ነገር ከልሎ ለአንዱ መስጠት የሚገባው መቼ ነው? የማይገባውስ መቼ ነው? በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። የዚህ ተረት ሁለተኛው ክፍል በብዙ አገር ሕግ ተሽሮአል፤ ዛሬ መንግሥትም ቢሆን በፍርድ ቤት ይከሰሳል። የመጀመሪያውን ክፍል ግን አይሮፕላን እስኪፈጠር ድረስ ማንም አልተጠራጠረውም ነበር። ሰማይ አይታረስምና ማንም አላጠረውም፤ ማንም ስላላጠረውም የድንበር ክርክር አልተነሣበትም። አይሮፕላን በመጣ ጊዜ ግን «ከመሬቴ በላይ ያለው አየር የማን ነው?» የሚል ጥያቄ በዳኞች ፊት ቀረበ።

ከእነዚህ ክርክሮች አንዱን ብቻ እንጥቀስ። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ክፍለ አገር ኮስቢ የሚባል ዶሮ አርቢ ነበረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር አይሮፕላኖች በአጠገቡ ወዳለው ማረፊያ ሲወርዱ ከመሬቱ በላይ 83 ጫማ ያህል ብቻ ከፍ ብለው ያልፉ ነበር። ዶሮዎቹም በድንጋጤ እየበረሩ ከግድግዳ ጋር ስለ ተላተሙ እስከ 150 የሚደርሱ ሞቱ፤ ሰውየውም የዶሮ እርባታውን ለመተው ተገደደ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1946 በሰጠው ፍርድ፥ የመሬት ባለቤት እስከ ሰማይ ጣራ ድረስ ባለቤት ነው የሚለው ጥንታዊ ሕግ በአይሮፕላን ዘመን ሊጸና አይችልም አለ፤ ከፍ ያለው አየር የሕዝብ መንገድ ነውና። ነገር ግን አይሮፕላን እጅግ ዝቅ ብሎ በመብረሩ ሰውየው በመሬቱ እንዳይጠቀም ካደረገው ካሣ ሊከፈለው እንደሚገባ ወሰነ። በዚህ ፍርድ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጣምረዋል። ሰማይ የጋራ ነው፤ በምድር ያለው ሰውም ከሰማይ ከሚመጣ ጉዳት ይጠበቃል። የዛሬው ንግግራችን የሚመላለሰው በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ነው።

አሁን ወደ ፓርኮቹ እንምጣ። የመዝናኛ ፓርክ ስንል ዛፍና አግዳሚ ወንበር ብቻ ያለበትን መናፈሻ ማለታችን አይደለም። ግንብ፥ ወንዝ፥ መርከብ፥ በሐዲድ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወር ባቡር፥ ቲያትርና ሆቴል በአንድነት የሚገኙበት፥ የመግቢያ ዋጋ ተከፍሎ የሚዋልበት ሰው ሠራሽ ከተማ ነው። ይህን ሥራ ከሁሉ ይበልጥ ያስፋፋው ዎልት ዲዝኒ የተባለው የካርቱን ፊልም ሠሪ ነው። ዲዝኒላንድ የተባለውን ፓርክ በካሊፎርኒያ በአናሃይም ከተማ በጁላይ 17 ቀን 1955 ከፈተ። ለሁለተኛው ፓርክ ቦታ ሲፈልግም በኖቬምበር 22 ቀን 1963 በአይሮፕላን ሆኖ በፍሎሪዳ በኦርላንዶ ከተማ አካባቢ በረረ፤ ረግረጉንና ጫካውን፥ እዚያ የሚገናኙትንም አውራ ጎዳናዎች ከላይ ተመልክቶ ስፍራውን ወደደው። ዛሬ ሰማዩ የተዘጋው ፓርክ ቦታው የተመረጠው ከዚያው ሰማይ ላይ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

መሬቱ የተገዛው ሻጮች ዋጋ እንዳያስወድዱ በሌሎች ኩባንያዎች ስም በምስጢር ነበር። በ1965 ምስጢሩ በተገለጠ ጊዜ የአካባቢው የመሬት ዋጋ ወዲያው አሻቀበ። በ1967 የፍሎሪዳ መንግሥት ለስፍራው ልዩ የአስተዳደር ወረዳ አቋቋመለት፤ ወረዳው የራሱን መንገድ፥ የራሱን የእሳት አደጋ መከላከያ፥ የአይሮፕላን ማረፊያ ጭምር ለመሥራት ሥልጣን ነበረው። እስከ 2023 ድረስም የወረዳው አስተዳዳሪዎች የሚመረጡት በመሬቱ ባለቤት በኩባንያው ፈቃድ ነበር ማለት ይቻላል። ዎልት ዲዝኒ ራሱ በ1966 ስለ ሞተ የሥራውን ፍጻሜ አላየም፤ ዎልት ዲዝኒ ወርልድ የተባለው ፓርክ የተከፈተው በኦክቶበር 1 ቀን 1971 ነው። በዚያን ጊዜ በፓርኩ አጠገብ ትናንሽ አይሮፕላኖች የሚያርፉበት ሜዳ ተሠርቶ ነበር። ይኸውም ኩባንያው መንገደኞችን በአየር ለመቀበል ይፈልግ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ንብ ባለበት ማር ቆራጭ አይጠፋምና ሌሎችም ወደ ኦርላንዶ መጡ። በ1973 የባሕር እንስሳት የሚታዩበት ሲወርልድ ተከፈተ። ከሁሉ የበረታው ፉክክር የተነሣው ግን ዩኒቨርሳል ከተባለው የፊልም ኩባንያ ጋር ነው። ዩኒቨርሳል በኦርላንዶ የፊልም ፓርክ እንደሚያቋቁም ታወቀ፤ ዲዝኒም ራሱ የፊልም ፓርክ አዘጋጅቶ በሜይ 1 ቀን 1989 ቀድሞ ከፈተ። የዩኒቨርሳል በር የተከፈተው ከአንድ ዓመት በኋላ በጁን 7 ቀን 1990 ነው። ማን ከማን ሐሳቡን ወሰደ የሚለው ክርክር በሁለቱ ወገኖች መካከል ለብዙ ዓመታት ቆይቶአል። ዩኒቨርሳል በ1999 ሁለተኛ ፓርኩን ጨመረ፤ በ2010 የሃሪ ፖተርን ዓለም ሠርቶ ብዙ ሕዝብ ሳበ። ዲዝኒም በ2017 የአቫታርን፥ በ2019 የስታር ዎርስን ስፍራ ሠራ። ዩኒቨርሳል ደግሞ በሜይ 22 ቀን 2025 ኤፒክ ዩኒቨርስ የተባለውን አዲስ ፓርክ ከፈተ። አንዱ ሲገነባ ሌላው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ከዚህም የተነሣ ተመልካቹ አዲስ ነገር አላጣም፤ ለሠራተኛውም ሥራ ተገኘ። እንዲህ ያለውን ፉክክር የሚነቅፍ የለም። ሯጮች የሚበረቱት አብሮአቸው የሚሮጥ ሲኖር ነውና።

ነገር ግን ሩጫ ሁሉ ሜዳው ለሁሉ እኩል መሆን አለበት። የሰማዩ ነገር የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው።

በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኒውዮርክና በዋሽንግተን በአይሮፕላን በደረሰው ጥፋት ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት ብዙ ሰው በሚሰበሰብባቸው ስፍራዎች ላይ በረራን መከልከል ጀመረ። በ2003 የኢራቅ ጦርነት በጀመረበት ዓመት በዲዝኒላንድና በዎልት ዲዝኒ ወርልድ ላይ ልዩ ክልከላ ተደነገገ። ክልከላው ከመካከለኛው ነጥብ በዙሪያው 3 የባሕር ማይል፥ ወደ ላይ ደግሞ ከምድር 3,000 ጫማ ነው፤ ይኸውም 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በስፋት፥ 900 ሜትር ያህል በከፍታ ማለት ነው። በዚህ ክብ ውስጥ ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ወይም ከመንግሥት ፈቃድ ያልተቀበለ አብራሪ ሊበር አይችልም። የአገሪቱ ምክር ቤትም በበጀት ሕጎች ውስጥ በገቡ አንቀጾች ክልከላው ጸንቶ እንዲቆይ ስላዘዘ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ በራሱ ሥልጣን ሊያነሣው አይችልም። ስሙ «ጊዜያዊ» ተብሎ ሳለ ከ20 ዓመት በላይ ኖሮአል።

የክቡን ስፋት በክፍላችን አስልተነዋል፤ 97 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በፍሎሪዳ የኩባንያው መሬት ራሱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ክቡ ከመሬቱ ጋር ይቀራረባል። በአናሃይም ግን የፓርኩና የሆቴሎቹ መሬት በጠቅላላው 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ከተዘጋው ሰማይ እጅግ የሚበዛው ያለው በሌሎች ሰዎች ቤትና መንገድ ላይ ነው። በአንጻሩ በኦርላንዶ ያሉት ዩኒቨርሳልና ሲወርልድ፥ በካሊፎርኒያ ያለው ናትስ ቤሪ ፋርምም ሁሉ ከክቡ ውጭ ናቸው። በእነርሱም ላይ በየቀኑ ብዙ ሕፃናት ይውላሉ፤ እንዲህ ያለ ቋሚ ክልከላ ግን አልወጣላቸውም።

አሁን የሁለቱንም ወገን ቃል በትክክል እንስማ።

ክልከላውን የሚደግፉት እንዲህ ይላሉ። እነዚህ ሁለት ፓርኮች በመላው ዓለም የታወቁ የአሜሪካ ምልክቶች ናቸው፤ በፍሎሪዳ ካሉት አራት የዲዝኒ ፓርኮች አንዱ ብቻ በ2019 ከ20 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ እንደ ተቀበለ ተገምቶአል። ክፉ አሳቢ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ስመ ጥር በሆነ ስፍራ ላይ ነው። ከዚህም በቀር አደጋ ያለ ክፉ አሳብም ይመጣል። በ1968 በሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ጣቢያና በዲዝኒላንድ መካከል መንገደኞችን ያመላልሱ ከነበሩት ሄሊኮፕተሮች ሁለቱ በሜይና በኦገስት ወር ወድቀው በድምሩ 44 ሰዎች ሞተዋል። ከሰማይ የሚወድቅ ነገር በታች ያለውን ሕፃንና ሽማግሌ አይለይም። የአንዲት ሕፃን ሕይወት ከሺህ አብራሪዎች ምቾት ይበልጣል። እኛም ይህን ቃል በቀላሉ ልናልፈው አንችልም። ልጃቸውን ወደ ጨዋታ ስፍራ የሚልኩ እናትና አባት በደህና ይመለስልን ብለው የሚመኙት በየትም አገር አንድ ነው።

የሚቃወሙት ደግሞ እንዲህ ይላሉ። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚበር ትንሽ አይሮፕላን ከክቡ ዳር እስከ መካከሉ ለመድረስ 100 ሰኮንድ ብቻ ይበቃዋል። በወረቀት የተጻፈ ክልከላ ሕግ አክባሪውን ያስቀራል እንጂ ሕግ አፍራሹን አያቆመውም። በእርግጥ የቀሩትም ትናንሽ አይሮፕላኖች፥ ከእነርሱም መካከል ረጅም የማስታወቂያ ጨርቅ በኋላቸው እየጎተቱ የሚበሩት ናቸው። እነዚህ አብራሪዎች እንጀራቸው ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ላይ መብረር ነው። በዲዝኒ ፓርክ ላይ የሌላ ፓርክ ማስታወቂያ ሊያልፍ ይችል ነበር፤ ከክልከላው በኋላ ግን አይችልም። ስለዚህ «ይህ ጥበቃ ነው ወይስ ገበያ?» ብለው ጠየቁ። የአይሮፕላን ባለቤቶችና አብራሪዎች ማኅበርም ተቃውሞውን አሰምቶአል። ኩባንያው በበኩሉ አሳቡ የእንግዶቹ ደህንነት እንደ ሆነ ተናግሮአል።

በሰው ልብ ያለውን መርምረን ለመፍረድ አንችልም፤ አንሞክርምም። ነገር ግን የኩባንያው አሳብ ንጹሕ ነው ብለን ብንቀበል እንኳ የሕጉ አሠራር ሊመረመር ይገባዋል። ለዚህም ከዚያው አገር ሕግ ምስክር እንጠራለን።

በአሜሪካ በታላላቅ የስፖርት ሜዳዎች ላይም በረራ ይከለከላል። ልኩ ያው 3 የባሕር ማይልና 3,000 ጫማ ነው። ነገር ግን ያ ክልከላ የአንድ ክለብ ስም የለበትም። 30,000 ወይም ከዚያ በላይ ሰው የሚይዝ ሜዳ ሁሉ፥ በሕጉ የተዘረዘሩት ታላላቅ ውድድሮች በሚደረጉበት ጊዜ፥ ከውድድሩ አንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ ካለቀ በኋላ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ይጠበቃል። ሕዝቡ ሲበተን ሰማዩ ይከፈታል። የፓርኮቹ ክልከላ ግን ሌሊትም ቀንም ነው፤ የሚለካውም በሕዝብ ብዛት ሳይሆን በስም ነው። አንዱ ሕግ «ይህን ያህል ሰው ያለበት ሁሉ» ይላል፤ ሁለተኛው «እገሌና እገሌ» ይላል። በእኛ አሳብ ልዩነቱ ይህ ነው። የሕፃናት ሕይወት ምክንያት ከሆነ፥ በዩኒቨርሳል ባቡር ላይ የተቀመጠች ሕፃን በዲዝኒ ባቡር ላይ ከተቀመጠችው በምን ታንሳለች?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ነገሩን የሚያጠነክር አዲስ መሣሪያ መጥቶአል፤ ይኸውም ሰው ሳይቀመጥበት ከሩቅ የሚነዳው ድሮን ነው። ድሮን ዋጋው ርካሽ ነው፤ ዝቅ ብሎም ይበራል፤ በሕዝብ ላይ ቢወድቅ ይጎዳል። በዚህ ረገድ የፓርኮች ሥጋት እውነተኛ ነው። በ2016 የወጣው የአሜሪካ አቪዬሽን ሕግ የታላላቅ ድርጅቶች ባለቤቶች በስፍራቸው ላይ ድሮን እንዲከለከል የሚያመለክቱበት ሥርዓት እንዲዘጋጅ አዘዘ፤ ከነዳጅ ማጣሪያዎች ጋርም የመዝናኛ ፓርኮችን በጠቅላላው ጠቅሶአል። ይህ ሕግ ለአንድ ፓርክ ሳይሆን ለፓርኮች ሁሉ በር ስለሚከፍት የተሻለ መንገድ ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ በተቀጠረለት ጊዜ አልተፈጸመም፤ ለዓመታትም ዘገየ። በዚያው በ2016 ዲዝኒ ከመንግሥት ፈቃድ ተቀብሎ በፍሎሪዳ ስፍራው 300 የሚያበሩ ድሮኖችን በሌሊት ሰማይ አሰልፎ የገና ትርኢት አሳየ። ትርኢቱ ያማረ ነበር፤ ፈቃዱም በሕግ የተሰጠ ነው። ቢሆንም ሌላው እንዳይገባበት የተዘጋው ሰማይ ለባለ ፓርኩ የትርኢት መድረክ ሲሆን፥ ከውጭ የቆመው ተፎካካሪ ቅር ቢለው አያስደንቅም።

እንግዲህ ፍርዳችን ምንድን ነው? በክፍላችን ክርክር በተደረገ ጊዜ ሁለት ወገን ነበርን፤ በመጨረሻ ግን በሦስት ነገሮች ተስማምተናል።

አንደኛ፥ የጋራ የሆነ ነገር ሲከለከል ምክንያቱ በአደባባይ ይነገር፥ ይመርመርም። በወፍራም የበጀት ሕግ ውስጥ በአንድ አንቀጽ ተሸጉጦ የሚያልፍ ድንጋጌ እውነተኛ ምክንያት ቢኖረው እንኳ ሐሜትን ይወልዳል። ድንጋጌውን በአደባባይ ቢያከራክሩት ኖሮ ኩባንያውም ከሐሜት በዳነ ነበር።

ሁለተኛ፥ ክልከላ በልክ እንጂ በስም አይሁን። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ጊዜ የሚሰበሰብበት ፓርክ ሁሉ ይጠበቅ ቢባል ዲዝኒም ጥበቃውን አያጣም፥ ዩኒቨርሳልም ሆነ ስሙ ያልገነነው ትንሽ ፓርክ አይበደልም።

ሦስተኛ፥ «ጊዜያዊ» የተባለ ነገር የጊዜ ወሰን ይኑረው። በየጥቂት ዓመቱ ሥጋቱ እንደ ገና ይመዘን፤ ካለ ይታደስ፥ ከሌለ ይነሣ።

ይህን ስንል አዲስ ሕግ መፍጠራችን አይደለም። በዲሴምበር 7 ቀን 1944 በቺካጎ ከተማ በተፈረመው የዓለም የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ላይ መሠረቱ ተጥሎአል። ያ ስምምነት እያንዳንዱ መንግሥት በአገሩ ሰማይ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ያጸናል። ወዲያው ደግሞ መንግሥት ለጦር ጉዳይ ወይም ለሕዝብ ደህንነት ሲል የሰማይን ክፍል ቢዘጋ፥ ስፋቱና ስፍራው በቂ ምክንያት ያለው፥ በረራንም ያለ አስፈላጊነቱ የማያሰናክል እንዲሆን ያዛል፤ በራሱ የመንገደኛ አይሮፕላኖችና በሌላ አገር አይሮፕላኖች መካከልም እንዳያዳላ ያስገድዳል። ስምምነቱን ከፈረሙት መንግሥታት አንዷ አገራችን ኢትዮጵያ ናት። አገራችንም ስለ ሰማይ ፍትሕ ቃሏን ሰጥታለች። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የፈረምንበትም ነው።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ይህን ትምህርት ቤት እንሰናበታለን። ከመካከላችን ነጋዴ የሚሆን አለ፤ አብራሪ የሚሆን አለ፤ በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ ፈቃድ የሚሰጥና የሚከለክልም ይኖራል። ነጋዴ የሚሆነው ተፎካካሪውን በሥራ ብልጫ ይርታው እንጂ በሕግ በር አይዝጋበት። ፈቃድ ሰጪ የሚሆነው «ይህን የምከለክለው ስለ ሁሉ ነው ወይስ ስለ አንዱ?» ብሎ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ራሱን ይጠይቅ። አብራሪ የሚሆነውም በታች ሕፃናት እንዳሉ አይርሳ።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላሉ። ሰው ብዙ ነገር በፍርድ ሲወሰድበት ይታገሣል፤ ጥቂት ነገር ያለ ፍርድ ሲወሰድበት ግን ለዘመናት አይረሳውም። አንድ አብራሪ ያጣው የሰማይ ክብ በካርታ ላይ ሲታይ ከሣንቲም አይበልጥም ይሆናል። በልክና በምክንያት የተከለከለ እንደ ሆነ ግን ዞር ብሎ ያልፈዋል፤ በስም የተከለከለ እንደ ሆነ ሁልጊዜ ይጠይቃል፤ ሊጠይቅም መብት አለው። ሰማይ ዛሬም አይታረስም። ሊታጠር የሚገባው ጊዜ ቢኖርም አጥሩ የሁሉም ልጆች አጥር ይሁን።